የ«ታኅሣሥ» 12 አጻጻፎች፦ የአንድ ላይብረሪ የሥራ ማስታወሻ ከድሬዳዋ

ጥር 18፣ 2017

ከዚራ ካለችው ሱቃችን ሁለት በር አለፍ ብሎ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ። የአባላት መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ላስገባለት ተስማምተናል፤ 18,000 ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ። ዛሬ እስካሁን ሲሠሩበት የነበረውን የኤክሴል ፋይል ከፈትኩት። የልደት ቀን ዓምዱ ጉድ ነው። 30/02/2010 ብለው ሲጽፉ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ትቶታል። 05/02/2010ን ግን የፈረንጅ ቀን መስሎት ተቀብሎታል። አንዱ ዓምድ ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ ቀን ሆኖ ቁጭ ብሏል። ጳጉሜ የተወለደ ሰውማ ጭራሽ ቦታ የለውም፤ ኤክሴል 13ኛ ወር አያውቅም።

ጃቫስክሪፕት (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው) ውስጥ ያለው ኢንትል የሚባል ቀን መጻፊያ የኛን አቆጣጠር ያውቃል፤ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የፈረንጁን ቀን ስትሰጠው በኛ ይጽፍልሃል። «ጥር 11፣ 1931» ብለህ ብትሰጠው ግን አንብቦ ወደ ፈረንጁ አይመልስልህም። ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ የሚለውጥ የራሴን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ፣ ልጽፍ ነው። ኮዱ ክፍት ይሆናል፤ ይሄ ችግር የማኅበሩ ብቻ አይደለም።

ዕቃ፦ 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ (ባትሪው ሞቷል፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል)፣ ኮድ መጻፊያ ቪኤስ ኮድ፣ ጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ኖድ፣ ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) ማስኬጃ ዶከር፣ ላፕቶፑ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ። ግምቴ ሁለት ሳምንት።

የካቲት 6

ሁለት ሳምንቱ አለፈ፤ እኔ ገና የመጀመሪያውን ረቂቅ እያጠፋሁ ነው።

ሠንጠረዥ ነበር የሠራሁት። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 እያለ ይሄዳል። መጀመሪያ የሞከርኩት በሚሊኒየሙ ነው፤ መስከረም 1፣ 2000ን ማን ይረሳል። ሠንጠረዡ ሴፕቴምበር 11፣ 2007 አለኝ። እኛ ያከበርነው በ12 ነው። 1999 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ሆናለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እስከሚቀጥለው ፌብሩዋሪ 29 ድረስ በአንድ ቀን ይገፋል። በአንድ «ኢፍ» (እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ በሚል ትእዛዝ) አሰርኩት። ከዚያ ገናን ሞከርኩ። በ2016 ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው፣ 29 አይደለም፤ ምክንያቱም ያው ጳጉሜ 6 ናት። ሌላ «ኢፍ»። ስድስተኛው «ኢፍ» ላይ ስደርስ ፋይሉን ሰረዝኩት።

የካቲት 21

ሁለተኛው ረቂቅም ተጣለ (ሠንጠረዡን አሳምሬ ነው እንደገና የጻፍኩት፤ ሞኝነት)። ሦስተኛው ትክክል ነው፤ መጀመሪያውኑ በዚህ መጀመር ነበረብኝ።

የጁሊያን ቀን ቁጥር ይባላል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ተከታታይ ሙሉ ቁጥር ይሰጠዋል። መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. ቁጥሩ 1,724,221 ነው። በዚህ ላይ ከዓመቱ አንድ ቀንሰህ በ365 ታባዛና ትደምራለህ፤ ዓመቱን ለ4 ስታካፍል የሚደርሰውን ሙሉ ቁጥር ትደምራለህ፤ ከወሩ አንድ ቀንሰህ በ30 ታባዛና ትደምራለህ፤ ከቀኑ አንድ ቀንሰህ ትደምራለህ። አለቀ። መስከረም 1፣ 2000 ሲሰላ 2,454,356 ይመጣል፤ ልክ ነው። ታኅሣሥ 23፣ 1962 ደግሞ 2,440,588፤ ይህ ኮምፒውተሮች ጊዜ መቁጠር የሚጀምሩበት ጃንዋሪ 1፣ 1970 ነው።

የኛ አቆጣጠር ለኮምፒውተር የተፈጠረ ይመስላል። 12 እኩል ወር፣ በየአራት ዓመቱ ያለ ምንም ልዩነት አንድ ተጨማሪ ቀን። እንደ ፈረንጁ 1900 ላይ ዘልሎ፣ 2000 ላይ ሳይዘል፣ 2100 ላይ እንደገና የሚዘልበት ነገር የለም። ጣጣው ሁሉ ያለው ከወዲያኛው በኩል ነው።

መጋቢት 4

ዘጠኝ ቀን በግእዝ ቁጥር አለፈ። ማንም አልጠየቀኝም። ምልክቶቹ 20 ናቸው፣ ዜሮ የለም፣ ከመቶ በላይ በሁለት በሁለት አኃዝ እየተቧደነ ይጻፋል፤ 2018 ፳፻፲፰፣ አንድ ሚሊዮን ፻፼። ሁሉንም ቁጥር በትክክል ይጽፋል፣ ያነባልም። በጣም ያምራል። የማኅበሩ መዝገብ ውስጥ አንድም የግእዝ ቁጥር የለም።

መጋቢት 20

የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ሱቅ ድረስ መጣች። «አንተ ልጅ፣ ‹ሊያልቅ ነው፣ ሊያልቅ ነው› እያልከኝ ሁለት ወር ሞላ። ምኑ ነው የማያልቀው?» ዶክዩመንቴሽኑ አልኳት። እሱ ምንድነው አለች። ኮዱን ሌሎች ፕሮግራመሮች እንዴት እንደሚጠቀሙበት የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው ስላት፣ «እነሱ የት ናቸው?» አለችኝ ዙሪያዋን እያየች። ሱቁ ውስጥ እኔና የሚጠገኑ ስልኮች ብቻ ነን።

ማታውኑ የመጀመሪያውን እትም፣ 0.1.0ን፣ ፕሮግራመሮች የጃቫስክሪፕት ኮድ በሚጋሩበት ኤንፒኤም ላይ አወጣሁ።

መጋቢት 23

የመጀመሪያው ኢሹ፣ ማለትም ከተጠቃሚ የመጣ የችግር ጥቆማ። ሰውየው መስከረም ሲል ጥቅምት እየመጣበት ነው። ጃቫስክሪፕት ወርን ከ0 ስለሚጀምር «ለወጥነት» ብዬ እኔም ከ0 ጀምሬ ነበር። መስከረም 0፣ ጳጉሜ 12። አሁን ሳየው ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ።

አሳፍሮኝ ፓኬጁን ከኤንፒኤም ላይ ልሰርዘው ነበር። ከወጣ 72 ሰዓት ካለፈው እንዲህ በቀላሉ አይሰረዝም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሌፍት-ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ በባለቤቷ ተነሥታ ብዙ ፕሮጀክት ከሰበረች በኋላ ነው ደንቡ መጥበቅ የጀመረው። ሰዓቱ አላለፈብኝም። ግን ስህተቱን የጻፈልኝ ሰው ተጠቅሞበታል፤ እኔ ስላፈርኩ የሱ ሥራ ሊሰበር ነው? ተውኩት። 0.2.0ን ወር ከ1 እንዲጀምር አድርጌ አወጣሁ፣ ለውጡን ሪድሚው (የላይብረሪው መግለጫ ጽሑፍ) ላይ ጻፍኩ።

ሚያዝያ 14

የመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስት፣ ሌላ ሰው ጽፎ ላይብረሪው ውስጥ ይግባልኝ ብሎ የላከው ኮድ! ሐረር ጀጎል አጠገብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ያለው ልጅ ነው የላከው። ሰዎች የወር ስም እንዴትም ቢጽፉት ላይብረሪው እንዲያነብ ነው የሚፈልገው። ህዳርም፣ ሕዳርም፣ ኅዳርም አንድ እንዲሆኑ።

አልተቀበልኩትም። ኅዳር በብዙኃን ኀ ነው የሚጻፈው። ታኅሣሥ ኅ፣ ሣ እና ሥ አለው። ይህን ያስተማሩኝ የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ዛሬም ቢያዩኝ ጆሮዬን ይይዙኛል። «ላይብረሪው የተሳሳተ አጻጻፍ የሚያስፋፋ መሆን የለበትም» ብዬ ረዘም ያለ ማብራሪያ ጻፍኩለት። በዚያው ኮዱ ላይ 23 አስተያየት ሰጠሁ፤ የቫሪያብል ስም፣ የመስመር ክፍተት፣ አንድ ቦታ ላይ የቀረች ሴሚኮሎን።

የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ «አቦ፣ እኔ እኮ የምሠራው ሰው ጽፎ ባመጣው ነው።»

ግንቦት 8

ማኅበሩ ጋ አታሚ ላስተካክል ገባሁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሞኒተር ጠርዝ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ግማሽ ወረቀት አየሁ። 13ቱ የወር ስሞች በሷ እጅ ተጽፈዋል፤ ከአንዳንዶቹ ጎን የትኛው ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደሚመታ አለ። ኅ ላይ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ሣ ላይም።

ምንድነው አልኳት።

«ያንተ ፕሮግራም ነዋ። ‹ህዳር› ስል ልክ ያልሆነ ወር ይለኛል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። በኋላ ነው ያንተን ኅዳር ያገኘሁት።» ቅሬታም አልነበረባትም። ይሄ ነው የገደለኝ። እኔ ለፊደል ክብር ብዬ የሠራሁት በር ላይ ይቺ ሴትዮ ለአንድ ወር እየቆመች ቁልፍ ስትቆጥር ኖራለች።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የታኅሣሥ ኅ በሦስት ዓይነት ይጻፋል፣ ሣ በሁለት፣ ሥ በሁለት፤ 12 አጻጻፍ፣ ድምፁ አንድ። እኔ የምቀበለው አንዱን ነው። ነሐሴም እንዲሁ ነው፤ የመሐሉ ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፣ መጨረሻው ሴ ወይም ሤ፤ እሱም 12።

ግንቦት 9

ቅዳሜ። ሐረር ወጣሁ። ደንገጎን ስንወጣ ንፋሱ ቀዘቀዘ፤ ድሬ ላይ ላፕቶፑ በላብ እየተንሸራተተ ሲሠራ ለከረመ ሰው ይሄ ራሱ ዕረፍት ነው። ልጁን ሱቁ አገኘሁት። ይቅርታ ለማለት እየተዘጋጀሁ ሳለ ቀደመኝ፦ «23 አስተያየት! ወላሂ፣ ምርቃናዬን ነው ያጠፋህብኝ።» ተሳስቀን ነገሩ ረገበ። ድሬና ሐረር አንቱታ አናበዛም፤ ቂምም እንዲሁ።

ለምን ኮዱን አስተካክሎ እንደገና እንዳልላከ ጠየቅኩት። ልኳል፤ እኔ ጋ ሳይሆን ፎርክ አድርጎ (ላይብረሪውን ቀድቶ የራሱን ቅጂ ሠርቶ) ለራሱ ደንበኞች። ሰዎች ለመታወቂያ፣ ለውክልና፣ ለማመልከቻ በእጃቸው ጽፈው የሚያመጡትን ወረቀት አሳየኝ። ጳጉሜ፣ ጳጉሜን፣ ጷጉሜ፣ ጳግሜ፣ ፓጉሜ። «ለየትኛው ነው ሂድና አስተካክለህ ና የምለው?» አለኝ። «የኔው ታፔላ ራሱ ‹ሀረር› ነው የሚለው።»

የሱ ኮድ 40 ምናምን መስመር ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ ከግራ የሚመጣው ፊደል፣ ከቀኝ የሚተካው። ለኔ ዓይን አስቀያሚ ነበር። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ሐ ከሀ በ16 ይርቃል፣ ኀ በ128፣ ሰ ከሠ በ16፤ እየቀነስክ በአምስት መስመር ይጨረሳል። እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። ሞከረው፤ «ኈለቈ» የሚለው «ለለቈ» ሆኖ ወጣ። የኀ ዘር ከሰባቱ ቤት ቀጥሎ ኈ አለበት፤ ከዚያ ላይ 128 ስትቀንስ ለ ላይ ትወድቃለህ። የሱ ሠንጠረዥ ይሄ ችግር የለበትም።

የሱን መርጅ አደረግኩ፣ ማለትም ላይብረሪው ውስጥ አስገባሁት፤ ሴሚኮሎኗም እንደቀረች። ውሳኔው፦ ሲያነብ ሁሉንም ይቀበላል፣ ሲጽፍ ግን ኅዳርንም ታኅሣሥንም እንደ መምህሬ ይጽፋል። 0.3.0። የመኪና ደርሶ መልስ 300 ብር።

ግንቦት 26

ከሐረር ከተመለስኩ በኋላ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። የመጣውን ሁሉ መርጅ። አምስት ፑል ሪኩዌስት በሁለት ሳምንት።

ከነዚህ አንዱ ጅጅጋ ከሚሠራ ፕሮግራመር ነው። እሱ ጋ ቀኖች በአንድ ቀን ወደኋላ እየሄዱ ተቸግሯል። አየሁት፣ እውነቱን ነው። እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ የኛ እኩለ ሌሊት ወደ ዓለም አቀፉ ሲቀየር ገና ያለፈው ቀን ማታ ነው፣ ቀኑን ከዚያ ስትቆርጥ ትናንትን ታገኛለህ። እኔ ጋ ያልታየው ቴስቱን የማስኬደው ዶከር ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ዶከሩ ካልነገሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚሠራው። የሱ መፍትሔ አጭር ናት፤ ሲያስገባ 3 ሰዓት መቀነስ፣ ሲያወጣ 3 ሰዓት መደመር፣ ዶከሩም የአዲስ አበባን ሰዓት እንዲይዝ ማድረግ። «አሪፍ!» ብዬ በ10 ደቂቃ መርጅ አደረግኩት።

ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው ደግሞ ሁሉም ቀን ወደኋላ ሄደብኝ ብሎ ኢሹ ከፈተ። የሱ ኮምፒውተር ችግር መስሎኝ ዘጋሁት።

ሰኔ 17

ማኅበሩ የአባልነት ካርድ ማተም ጀመረ። ዛሬ አንድ አዛውንት ካርዳቸውን ይዘው ሱቅ መጡ። 86 ዓመታቸው ነው፣ ባቡር ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጣታቸውን ቀኑ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ እኔ የተወለድኩት በጥምቀት ነው። እናቴ ታቦት ሲገባ ነው ምጥ የያዘኝ እያለች ነው ያሳደገችኝ። ይሄ ወረቀት ከተራ ነው የሚለኝ።»

ጥር 10፣ 1931 ይላል። መዝገቡን ከፈትኩ፤ የገባው ጥር 11 ነው። የኔንና የሦስት ጓደኞቼን ልደት አስገብቼ አተምኩ፣ ሁሉም ልክ። የሳቸው ብቻ ነው። ቁጭ እንዲሉ ወንበር ሰጠሁ፣ ሻይ አስመጣሁ። እየጠበቁኝ ነው፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ማራገቢያው ይንቋቋል።

የሳቸውን ቀን ከነሰዓቱ እንዲያሳየኝ አደረግኩ። ጥር 10፣ ከሌሊቱ 5፡45። 15 ደቂቃ ጎድሎታል! ከየት የመጣ 15 ደቂቃ?

አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጠቀሙበት የሰዓት ክልል ዳታቤዝ ውስጥ የአዲስ አበባ ክልል ዛሬ የራሱ ታሪክ የለውም፤ የናይሮቢ ቅጽል ስም ሆኖ ነው የተቀመጠው። ናይሮቢ ደግሞ ከ1937 እስከ ጁላይ 1942 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም አቀፉ ሰዓት የምትቀድመው በ2 ሰዓት ከ45 ነበር። በኛ ከታኅሣሥ 23፣ 1929 እስከ ሐምሌ 24፣ 1934 መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ጥቂት ዓመታት ላይ ደግሞ በ2 ሰዓት ተኩል። እኔ 3 ሰዓት ቀንሼ አስገባሁ፣ ካርዱን የሚያትመው ኢንትል ለ1931 2 ሰዓት ከ45 ብቻ ደመረ፣ 15 ደቂቃው ሳይሞላ ከተራ ላይ ቀረን። ድሬ ላይ የተወለዱ አባት ልደታቸው በኬንያ የሰዓት ታሪክ ተቀነሰ።

ለሳቸው ይህን ማስረዳት አልቻልኩም። «ስህተቱ የኔ ነው፣ ነገ ይታረማል» አልኳቸው። «እኔ እኮ ጥምቀትን ነው የፈለግኩት እንጂ አንተን ልወቅስ አይደለም» ብለው ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ሰኔ 18

መዝገቡ ውስጥ ከ1935 በፊት የተወለዱ 31 አባላት አሉ። ካርዳቸው በሙሉ እንደገና ይታተማል። ካርቶኑና ላሚኔሽኑ ከኔ ኪስ፣ 1,240 ብር።

ሌሊቱን ሳስበው የነበረው ገንዘቡን አይደለም። ሚያዝያ ላይ ኅ እና ህ ብዬ አንድ ሰው አባረርኩ፤ እዚያ ላይ ልከፍተው ይገባ ነበር፣ ማንም አይጎዳም። ግንቦት ላይ የቀን ስሌቱ ውስጥ የገባ «3» ቁጥርን በ10 ደቂቃ አሳለፍኩ፤ እዚያ ላይ ደግሞ 23 ሳይሆን 50 አስተያየት ብሰጥ አይበዛም ነበር። ጭንቀቴን ቦታ አሳስቼ ነው ያዋልኩት። ሰው ደስ እንዲለው ብዬ ለስልሼ፣ የሚኒያፖሊሱን ሰውዬ ደግሞ ዘጋሁበት፤ እሱ የነገረኝ እኮ ይህንኑ ስህተት ነበር።

ኢሹውን መልሼ ከፈትኩ። «ልክ ነበርክ፣ የዘጋሁት ሳላነበው ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

ሐምሌ 6

ጅጅጋ ላለው ልጅ ጻፍኩለት። እሱን ከመውቀስ ይልቅ የተፈጠረውን ከነካርዱ ፎቶ አሳየሁት፤ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። ቴስቱን አንተ ብትጽፈው ደስ ይለኛል አልኩ። ሦስት ቀን ዝም ብሎ በአራተኛው ላከው። ከኔ የተሻለ ነው። አንዱን ቴስት በአምስት የሰዓት ክልል ያስኬዳል፤ አዲስ አበባ፣ ሚኒያፖሊስ ያለችበት ቺካጎ፣ ለንደን፣ ቶኪዮ፣ እና 14 ሰዓት የምትቀድመው ኪሪቲማቲ።

እኔ ደግሞ የጃቫስክሪፕትን የቀን ዕቃ ከመሐሉ አወጣሁት። ውስጡ አሁን ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ የካቲት ላይ የጻፍኩት የጁሊያን ቀን ቁጥር። ሰዓት የለም፣ ክልል የለም። ካርዱም በኢንትል አይታተምም። ከ1800 እስከ 2199 ያለውን እያንዳንዱን ቀን ወደ ፈረንጅ ለውጦ መልሶ የሚያመጣ ቴስት ጨመርኩ፤ 146,100 ቀን፣ አንድ ሰከንድ አይፈጅም። ይሄን ዓይነት ቴስት በመጀመሪያው ሳምንት የማይጽፍ ሰው የግእዝ ቁጥር ላይ ዘጠኝ ቀን ሲያጠፋ ምን ይባላል።

0.4.0። የአዛውንቱ ልደት በአምስቱም ክልል ጥምቀት ነው።

ሐምሌ 22

ዝናብ። ደቻቱ ዛሬ ውሃ ይዞ ወርዷል። መብራት ሦስት ቀን ሲሄድ ሲመጣ ቻርጀሩን አቃጠለው፤ 2,600 ብር፣ ያውም ያገለገለ። ባትሪ 4,500 አሉኝ፣ ተውኩት። በስልክ ኢሹ ከማንበብ በቀር ሥራ የለም።

ነሐሴ 11

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወር ስሞችን በአፋን ኦሮሞ ልካለች። ፉልባና፣ ኦንኮሎሌሳ፣ ሰዳሳ፣ ሙዴ እያለ እስከ ቃሜ። ድሬ ላይ ይሄ ከጅምሩ ሊኖር የሚገባው ነው። መርጅ ላደርግ ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ፤ አሁን የስሌት ነገር ሲመጣ እጄ ይዘገያል። አማጂ ጥር ነው ወይስ ጃንዋሪ?

«ሁለቱም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጽሑፍ ላይ ሁለቱም አለ። አማጂ 5 ያለ ሰው ጥር 5ን ይሁን ጃንዋሪ 5ን ከስሙ አይታወቅም፤ ልዩነቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን ነው። ሁለት ቀን ተጻጻፍን። መፍትሔው ከሷ መጣ፤ ቋንቋው ኦሮምኛ ሲሆን ላይብረሪው በግምት አይወስንም፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተነገረው ስህተት ይመልሳል። ጥብቅ ነው፣ አንዳንዱን ያበሳጫል። እዚህ ላይ ይበሳጭ።

ከዚያ እኔ ሶማሊኛና ሐረሪም ካልተጨመረ 1.0 አላወጣም ብዬ ተነሣሁ። «እነሱን የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ይጨምራል፤ ያለውን ልቀቀው» አለችኝ። በሷ ዕድሜ እንዲህ አልነበርኩም።

ነሐሴ 27

ሦስት ሳምንት የፈጀ ክርክር፣ 41 አስተያየት፦ ቀን የሚለወጠው መቼ ነው? ከሌሊቱ 8 ሰዓት የዛሬ ነው የነገ? ግማሹ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ግማሹ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይላል፤ አንዱ ከዋዜማው ማታ ይጀምራል ብሎ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አመጣ። ሁሉም ማስረጃ አለው። እኔም አንድ ቅዳሜ ሙሉ ረዥም መልስ ስጽፍ ዋልኩ።

አልላክሁትም። ላይብረሪው ቀን ነው የሚቆጥረው፣ ሰዓት ውስጡ የለም፤ ሐምሌ ላይ እኮ ያወጣሁት እኔው ነኝ። «ሰዓት የዚህ ላይብረሪ ሥራ አይደለም» ብዬ ዘጋሁት። ሁለት ሰዎች ተቆጡ።

ጳጉሜ 3

የሐረሩ ልጅ መርጅ የማድረግ ፈቃድ እንዲሰጠው ጠየቀ። እኔ መብራት ሲጠፋ ወይ ሥራ ሲበዛ ፑል ሪኩዌስት ሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ ልክ ነው። ግን አመነታሁ። ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። እሱን ለብቻው ይዞ የደከመ ሰው ነበር፤ ሰዎች ለምን ዘገየህ እያሉ ሲወተውቱት፣ ለረጅም ጊዜ ሲያግዘው ለቆየ ሰው ሥልጣን አካፈለ። ያ ሰው 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ሰው ሳያውቅ ሰርጎ መግቢያ ኮድ፣ ቀበረ። መጋቢት 20፣ 2016 ይፋ የሆነው አንድ መሐንዲስ ሰርቨር ውስጥ መግባት በግማሽ ሰከንድ ለምን እንደዘገየ ሲመረምር ነው።

የሐረሩን ልጅ ሱቁን አውቃለሁ፣ ታፔላውን አውቃለሁ። ያም ሆኖ ሥርዓት አበጀሁ፤ መርጅ እሱም ተማሪዋም ማድረግ ይችላሉ፣ ስሌቱ ያለበት ፎልደር ላይ ግን ሁለት ሰው ካላየው አይገባም፣ እኔም ብሆን። አዲስ እትም ኤንፒኤም ላይ ሲወጣ የስልክ ማረጋገጫ ይጠይቃል። የፊደል ሠንጠረዡና ዶክዩመንቴሽኑ ግን ክፍት ነው፤ ማንኛችንም ብቻችንን እናጸድቃለን።

«ለኔም ሕግ ለራስህም ሕግ ከሆነ እሺ» አለኝ።

መስከረም 12፣ 2018

1.0.0 ወጣ። ክፍት ኢሹ፦ 14። ድሮ ቢሆን አንድ ክፍት ኢሹ እያለ 1.0 የሚባል ነገር አልነበረም። ከ14ቱ ስሌት የሚነካ የለም፤ ሪድሚው የአማርኛ ትርጉም ይጎድለዋል (ለአማርኛ ላይብረሪ!)፣ አንዱ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም ይሁንልኝ ይላል፣ ሦስቱ አዲስ የጳጉሜ አጻጻፍ ናቸው።

ፋየርፎክስ በ139ኛው እትሙ ቴምፖራል የሚባለውን አዲስ የጃቫስክሪፕት የቀን ሥርዓት አስገብቷል፤ እሱ የኛን አቆጣጠር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። አንድ ሰው «እንግዲህ ያንተ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀ። ስሌቱ ሁሉም ብራውዘር ላይ ሲደርስ የኔን ስሌት አውጥቼ በሱ እተካለሁ፣ ደስም ይለኛል። «ፓጉሜ»ን የሚያነብ ግን ያው የሐረሩ ሠንጠረዥ ነው።

እስካሁን ከኪሴ የወጣ፦ ቻርጀር 2,600፣ ካርድ ማሳተሚያ 1,240፣ የሐረር መንገድ 300፣ ኢንተርኔቱን አልቆጠርኩም። የማኅበሩ ሁለተኛ ክፍያ ገብቷል።

ጥቅምት 9

ለሥራ ገለምሶ ሁለት ቀን ውዬ፣ ኔትወርክ እየጠፋብኝ፣ ስመለስ ሦስት መርጅ ጠበቀኝ። ተማሪዋ ዶክዩመንቴሽኑን በአማርኛ ጀምራዋለች፤ እኔ የማልጽፈው ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው፣ ይገባል። የሐረሩ ልጅ የፊደል ሠንጠረዡ ላይ «ቀን2» የሚል ቫሪያብል አስገብቷል። ቀን1 የለም።

ሦስት አስተያየት ጻፍኩ፣ ሁለቱን አጠፋሁ። የቀረው 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ 6፣ 2019ን በሙሉ ስሙ አስገብቶ የሚያነብ ቴስት ይጨመር የሚል ነው። «እሺ አቦ» ብሎ ከሰዓት ጨመረው።

በዚያው ማኅበሩ ጋ ገባሁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ አሁን ህዳር እያለች ነው የምትጽፈው፣ ሲታተም ኅዳር ይሆናል፣ ልብም አላለችው። ሞኒተሩ ላይ ያለው ወረቀት ግን እንዳለ ነው። አያስፈልግሽም እኮ፣ ላንሣልሽ አልኳት። «ተወው፣ ጀርባው ላይ ስልክ ጽፌበታለሁ» አለችኝ።